ቁጭ የምትለው ፈዋሽ

እኔ ቂም አልይዝም። ቂመኛ ናት እያሉ የሚያሙኝን የእድራችንን ሴቶች ስም፣ ያሙበትን ቀንና ያሙበትን ቤት በቃሌ የማውቀው የማስታወስ ችሎታዬ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ነው። ዕድሜዬ ስልሳ አራት ነው፤ መድኃኒት የምውጠው ለደም ግፊት እንጂ ለመርሳት አይደለም።

«የአማረችን ለቅሶ ያልደረሰችው» የምትባለዋ ሴት እኔ ነኝ። እውነት ነው፣ አልደረስኩም። ጥሩምባው ሲነፋ ቤቴ ነበርኩ። ስሟ ሲጠራ ሰማሁ። ዣንጥላዬን አንስቼ መናኸሪያ ሄድኩና ወደ ቦኬ ከተማ የሚሄድ መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ቦኬ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ገበያ መሐል ጥቂት ቆሜ፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስኩ። እንደምታውቁት በእኛ አገር ደመኛህ ቢሞት እንኳ ሄደህ ቁጭ ትላለህ። ማልቀስ ግዴታ አይደለም፣ መናገርም ግዴታ አይደለም፤ ቁጭ ማለት ግን ግዴታ ነው። እኔ የነፈግኳት ያንን ነው። ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃ ለመቅዳት ስሰለፍ እንኳ ከኋላዬ ይነሳብኛል። ስለዚህ ዛሬ የሆነውን ሁሉ ልናገርና ይብቃን። ከምነግራችሁ አንዳንዱ ያስቃል። አንዳንዱን ግን ብቻችሁን ስትሆኑ ባታነቡት ይሻላል።

አማረችና እኔ ጤና ረዳቶች ነበርን። አሰቦት ቆላ ውስጥ ባለች፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት ክሊኒክ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። እሷ ጴንጤ፣ እኔ ጾመኛ። እሷ መዝሙር እያንጎራጎረች መርፌ ትቀቅላለች፣ እኔ እየተነጫነጭኩ ቁስል አጥባለሁ። አንድ ጠባይ ነበራት። ሥራ ሲያልቅ መሬት ላይ ቁጭ ትላለች። ወንበር ከጎኗ እያለ፣ እግሯን ሰብስባ፣ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ።

«ምነው፣ ወንበሩ ይነክስሻል?» እላታለሁ።

«መሬት ሰው አይጥልም» ትለኛለች።

እኔ ደግሞ አንድ ሕግ ነበረኝ። በወባ ወቅት አርብቶ አደሩ ልጆቹን በግመል ጭኖ ሲመጣ ግቢያችን ይሞላል፤ ሁሉም ይጮኻል። ጀማሪ ወደሚጮኸው ይሮጣል። እኔ ግን «ዝም ያለውን አስቀድሚ» እል ነበር። የሚጮህ ሰው ለመጮህ የሚበቃ ትንፋሽ አለው፤ መንገድ የጀመረው ዝም ያለው ነው። ይህን ሕግ ያገኘሁበትን ቀን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእናንተም አሁን አልነግርም።

አንድ ጊዜ አማረች ለስልጠና ተልካ ሄደች። በሳምንቱ ንጉሤ የሚባል የቢሮ ሾፌር መጣና፣ እግሩን ከመኪናው ሳያወርድ፣ «ያቺ ጓደኛሽ እኮ ያንቺን ‹ዝም ያለውን አስቀድሚ› የራሷ አድርጋ አስተምራ ተጨበጨበላት» አለኝ። በወሩ አሠልጣኝ ሆና ወደ አሰበ ተፈሪ ተዛወረች። እኔን ቦኬ መደቡኝ። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ አሥራ አራት ዓመት አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ደብዳቤ ጻፈች፤ ሳልከፍተው መለስኩ። ሰው ላከች፤ ሰውየውን ምሳ አብልቼ ሸኘሁት። አልሰደብኳትም፣ አልጮህኩባትም። ዝም አልኩ።

ይህ ነው የእኛ ነገር። አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ልውሰዳችሁ።

ጡረታ ስወጣ እኔም ወደ አሰበ ተፈሪ መጣሁ። ወጣቶቹ «ጭሮ በሉ እንጂ» ይሉኛል። እኔ ለደብዳቤ ጭሮ፣ ለሐሜት አሰበ ተፈሪ እለዋለሁ። ከተማችንን የማታውቁ ካላችሁ፣ ሌላው አገር የሚፈራው እኩለ ሌሊትን ነው፤ እኛ ዘንድ የሚያስፈራው ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ነው። እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ገበያው ይጮኻል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ ጫት የጫነው መኪና ሰው ሊድጥ ይደርሳል። ስምንት ሲሆን ጫቱ ይዘረጋል፣ በሩ ገርበብ ይላል፣ ከተማው በሙሉ ትራስ ተደግፎ ዓይኑን ያፈጥጣል። ድምፅ የለም። መንገድ ላይ የሚቀሩት ፍየሎች ብቻ ናቸው። እነሱም ሰው ቅጠሉን ቀንጥሶ የጣለውን እንጨት፣ ገራባውን፣ እያመነዠኩ በተራቸው ይመረቅናሉ። የመረቀነ ፍየል ዓይኑን ሳያርገበግብ ሲመለከታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኃጢአታችሁን አንድ በአንድ የሚቆጥር ነው የሚመስለው። እኔ መንገድ እቀይራለሁ።

አንድ ቀን በዚያ ሰዓት፣ ልጄ ከድሬዳዋ በኢሜይል የላከችልኝን ፎርም ላሳትም ጀማል ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ጀማል የጫት ነጋዴ ልጅ ነው፤ ወደ አርባ የሚጠጋ የሦስት ልጆች አባት። ገና ከመግባቴ ከውስጥ «ሞትኩ! ሞትኩ! ኧረ ድረሱልኝ!» የሚል የወንድ ጩኸት ሰማሁ። የሰላሳ አንድ ዓመት ልማድ ነውና ቦርሳዬን ጥዬ ሮጥኩ። የሚጮኸው መምህር ተስፋዬ ነበር፣ የፊዚክስ አስተማሪው። ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀምጧል። ፊቱ ከእኔ ይልቅ ያምራል። የደም ሥሩን ያዝኩለት።

«እትዬ፣ እኔ አይደለሁም የምሞተው፣ እሱ ነው» አለና ስክሪኑ ላይ ሰይፍ ይዞ የሚንገዳገድ ግዙፍ ሰው አሳየኝ።

«እማማ፣ ማሎ፣ እባክዎ!» አለ ጀማል ከጎኑ፣ ጉንጩ በጫት አብጦ። «ሂለራችን ድሬዳዋ ሊያገባ ሄዶብናል። እዚያ ይቀመጡና ይቺን ቁልፍ ብቻ ይጫኑልን። ወላሂ ሌላ ምንም የለውም።»

«ሂለር ምንድን ነው?»

«ሐኪም ነው በቃ። ፈዋሽ።»

ይህንን ባይለኝ ኖሮ ፎርሜን አሳትሜ እሄድ ነበር። ጡረታ የወጣን ሰው «አንድ ሰው ሊሞት ነው፣ ያላንቺ የሚያድነው የለም» ማለት ጥርስ ለሌለው ሰው ቆሎ እንደማስሸተት ነው። ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌሙ አንድ ሙሉ ዓለም ነው፤ ጫካ፣ ገደል፣ ግንብ አለው። በየአገሩ ያለ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ሆኖ አንድ አንድ ሰው እየሆነ ይገባል። አንዱ ከፊት ቆሞ ይመታል፣ አንዱ ከሩቅ ይተኩሳል፣ አንዷ ከኋላ ሆና በእጇ አረንጓዴ ብርሃን እየላከች ትፈውሳለች። ሁለት ወገን አለ፣ እኛና እነሱ። ከእነሱ ጋር መዋጋት እንጂ መነጋገር አይቻልም። የሚጽፉት ሁሉ እኛ ዘንድ ሲደርስ ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ይሆናል፣ ጥንቆላ ቤት እንደሚሰማ ማጉረምረም። የሞተ ሰው ደግሞ አይቀርም። ነጭ ለብሶ መቃብር ስፍራ ላይ ይነቃና ሬሳው ወደወደቀበት በእግሩ ይመለሳል።

በዚያ ላይ ኔትወርኩ የጭሮ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ አምስት ሰከንድ ይሮጣል። የተወጋ ሳይደማ ቆይቶ ድንገት ይወድቃል። አንዱ የቆመ ሲመስለኝ ሌላው ስክሪን ላይ ተጋድሟል። «ላግ ነው፣ እማማ» ይለኛል ጀማል። እኔ የሰይጣንን ስሞች ሁሉ አውቃለሁ የምል ሴት፣ ላግን ገና ያኔ ተዋወቅሁት።

ቡድናችን አምስት ሰው ነው፤ መምህሩ፣ ጀማል፣ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮችና እኔ። በመጀመሪያው ቀን አራቱም ጮኹብኝ። «እኔን! እማማ እኔን!»

«ተራችሁን ጠብቁ!» አልኳቸው በክሊኒክ ድምፄ። «የሚጮህ አይሞትም!»

ከዚያ ዝም ያለውን ፈልጌ እሱን አስቀደምኩ። አሸነፍን። በማግስቱም አሸነፍን። በሳምንቱ፣ ቀትር ላይ ምሳዬን ስበላ እጄ ማንኪያውን ሲጫን አገኘሁት። ፎርሙን እስከዛሬ አላሳተምኩም።

አንድ ቀን መምህሩ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበና፣ «እትዬ፣ አንድ ሳይንሳዊ ጥያቄ ልጠይቅዎት» አለኝ። ምንም ነገር ከመጠየቁ በፊት ሳይንሳዊ ይለዋል፤ ሽሮ ሲያዝም እንዲሁ ነው። «የእነሱን ፈዋሽ እንዴት ነው የምንጥላት? ፈዋሽን የሚያውቅ ፈዋሽ ነው።»

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ግን ሰው ሲያሞካሸኝ አልችልም። «ፈዋሽን መግደል አያስፈልግህም» አልኩት። «አጣድፋት። ሦስቱን ጠላቶችህን በእሳት ለብልባቸው። ብዙ ብልጭታ፣ ብዙ ጩኸት፣ ትንሽ ጉዳት ይሁን። አራተኛውን ግን በስውር መርዝ ውጋው። መርዝ አይበራም፣ አይጮህም። እሷ ወደሚነደው ስትሮጥ ዝም ያለው ይሞትባታል።»

መምህሩ አፉን ከፈተ። ጀማል ማላመጡን አቆመ። «አስተግፊሩላህ» አለ ቀስ ብሎ። «እማማ፣ እርስዎን ማስቀየም ጥሩ አይደለም።»

እኔም ቤቴ ስደርስ ትንሽ ቀፈፈኝ። ሕግ ያወጣሁት ለማዳን ነበር። ገልብጬ ለበስኩት። ግን ሠራ። ከየት አገር እንደሆኑ የማላውቃቸው ፈዋሾች ሁሉ ወደሚጮኸው ሮጡ፣ ዝም ያለውን ገደሉ። አንድም እንኳ የሚያመልጥ አልነበረም። መምህሩ ስልቱን «የእትዬ ፎርሙላ» ብሎ ሰየመው። ሁለት ወር በሰው ስህተት ኖርን።

ከዚያ እሷ መጣች።

ስምንት ሰዓት ነበር። ውጪ ድምፅ የለም፤ በሩ ላይ አንድ ፍየል ቆማ ወደ ውስጥ ታያለች። ጦርነቱ አንድ የፈረሰ ግንብ ሥር ነው። ሦስቱን ለበለብናቸው፣ እሳቱ ሰማይ ነካ፣ አራተኛውን ወጋነው። የእነሱ ፈዋሽ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ናት። በእሳቱ መካከል አለፈች። ወደሚነዱት ዞር አላለችም። ቀጥ ብላ ጥግ ላይ ቆሞ ወደቀረው፣ ወደተመረዘው ሄደች። እሱን አዳነች። ከዚያ ሳትጣደፍ ወደ ሌሎቹ ተመለሰች። ጨረሱን።

ሁሉም ሲያበቃ፣ የእኛ ሬሳ በየቦታው ተዘርሮ እያለ፣ ነጭ የለበሰችው ሴት መሬት ላይ ቁጭ አለች። እግሯን ሰበሰበች። ፊቷን ወደ ግንቡ በር አዞረች።

ከጭንቅላቷ በላይ ስሟ ተጽፏል። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ቀስ ብዬ አነበብኩት። አሰቦት።

«ጀማል» አልኩ፣ «ይህ ጌም ውስጥ አሰቦት የሚባል አገር አለ?»

«የለም። ምነው?»

«ያቺን የተቀመጠችውን ሴት ስሟን አንብብልኝ።»

ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። «አሰቦት ይላል። አጂብ ነው! የእኛ አገር ሰው መሆን አለባት።» ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ። «ግን የት ነው የተቀመጠችው? በእኔ ስክሪን ቆማለች።»

«በእኔ ተቀምጣለች።»

«ላግ ነው፣ እማማ።»

ላግ የአማረችን አቀማመጥ ከየት አወቀው? ይህንን ለጀማል አልጠየቅሁትም። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ፍየሏ እስከ መታጠፊያው በዓይኗ ሸኘችኝ።

እንግዲህ አስቡት። ዓለም ላይ ያንን ሕግም፣ ያንን አቀማመጥም፣ አሰቦትንም አንድ ላይ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ እኔ ነኝ። አንዷ ከሦስት ዓመት በፊት ተቀብራለች፤ እኔም ሽንኩርት እየገዛሁ ነበር።

የተማርኩ ሴት ነኝ። ሙት ኮምፒውተር እንደማይከፍት አውቃለሁ። ሆኖም በማግስቱ በትንሽ ጠርሙስ ጠበል ይዤ ሄድኩና ጀማል ለሰላት ሲወጣ ጠብቄ ማሽኑ ላይ ረጨሁት። እጄ ትንሽ ከበደ መሰለኝ፣ ኪቦርዱ ጤሰ።

«እማማ!» አለ ጀማል ሲመለስ። «ምንድን ነው ያፈሰሱበት?»

«ላብ ነው።»

«ይህ ሁሉ?»

«የደም ግፊት አለብኝ።»

ኪቦርዱን ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ ሁለት ቁልፎች ግን ከዚያ በኋላ ተጣብቀው ቀሩ። ጠበሉ የሠራው ሥራ ይኸው ብቻ ነው። ምክንያቱም በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ተገድዬ መቃብር ስፍራ ላይ ነጭ ለብሼ ስነቃ፣ ማዶ፣ በመቃብሮቹ መካከል፣ አሰቦት ቁጭ ብላ አየኋት። አልሞተችም። ውጊያ የለም። አጠገቧ ማንም የለም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ታያለች። እየሮጥኩ ወደ ሬሳዬ ሄድኩ። ሕይወቴን ሙሉ ሬሳ አግኝቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መምህሩ ግን በአሰቦት ምክንያት እንቅልፍ አጥቷል። ፎርሙላችን ከሽፏል፤ በየጦርነቱ እሷ ዝም ያለውን ታስቀድማለች፣ እኛ እንሸነፋለን። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ ግንቡን ከወሰድን ወሰድን፣ ካልወሰድን ቡድናችን ከተመዘገበበት የተጫዋቾች ማኅበር ይሰረዛል የሚባልበት ቀን መጣ። መምህሩ ተነስቶ ተማሪዎቹ ፊት እንደሚቆመው ቆመ።

«እትዬ፣ ዛሬ አይፈውሱም። ጀማል ይፈውሳል። እርስዎ መርዘኛዋ ይሆናሉ። መርዘኛ ለማንም አትታይም። ከኋላዋ ይሄዱና አሰቦትን ራሷን ይወጉልናል።»

«ለምን እኔ?»

«አነጣጥረው ስለሚያዩዋት» አለ መምህሩ። «ሌላ ሰው አይመለከቱም። እኛም እኮ ዓይን አለን። ከእሷ ጋር የሆነ ነገር አለዎት።»

የፊዚክስ አስተማሪ እንኳ አንዳንድ ጊዜ ያያል። ተስማማሁ። ለምን እንደተስማማሁ ልንገራችሁ? አሥራ አራት ዓመት በአፌ ያልነገርኳትን በአንድ መርፌ ልነግራት ነው። ከለቅሶዋ ስቀር ያልወጣልኝ ነገር ነበር። ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። ወጋኋት ማለት አለቀልን ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ስምንት ሰዓት። ዝምታ። ጀመርን።

አራቱ ከፊት ሲጯጯሁ እኔ በግንቡ ጎን በስውር ገባሁ። ማንም አያየኝም፤ እኔም ራሴን የማየው እንደ ጭስ ሆኜ ነው። የእነሱ ሰዎች አንድ በአንድ ወደቁ። የመጨረሻውን ልታድን ሞከረች፣ አልሆነላትም። ብቻዋን ቀረች። ከኋላዋ ሁለት እርምጃ ላይ ቆምኩ። መርፌው በእጄ ነው።

«አሁን! እትዬ አሁን!» አለ መምህሩ በጆሮዬ።

አሰቦት ዞረች።

ልታየኝ አትችልም። ሕጉ እንዲህ አይልም። ግን ዞረች፣ ወደ እኔ መጣች፣ ፊት ለፊቴ ቆመች። እጇን አነሳች። ያ አረንጓዴ ብርሃን ከመዳፏ ወጥቶ ወደ ደረቴ መጣ። ጠላትን መፈወስ በዚያ ዓለም አይቻልም። ብርሃኑ አጠገቤ ደርሶ ጠፋ። እንደገና ላከችው። እንደገና ጠፋ። ከዚያ እግሯን ሰብስባ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እትዬ! ይውጓት እንጂ!»

መምህሩ ይጮኻል። ሁለቱ ባጃጅ ነጂዎች ይጮኻሉ። የሚጮህ አይሞትም። ተውኳቸው። ጀማል አንድ ቀን በቀልድ ያሳየኝ ሌላ ቁልፍ ነበር። ተጫንኩት። እኔም ተቀመጥኩ።

ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ሁለት ሴቶች፣ በፈረሰ ግንብ ውስጥ፣ በሬሳ መካከል፣ ፊት ለፊት። አልተናገርንም፤ ብንናገርም ፊደሉ ክምር ይሆን ነበር። ሰዎቿ ከመቃብር ተነስተው እስኪመለሱ ድረስ እንደዚያ ቆየን። መጡና ገደሉኝ። ቀጥሎ ቡድናችንን ጨረሱት። ከማኅበሩ ተሰረዝን።

«ቁልፉ ተጣብቆ ነው» አልኩ ለመምህሩ። «ውሃ ገብቶበታል።»

ጀማል ብቻ ኪቦርዱን አየ፣ እኔን አየ። የመርዙ ቁልፍ ያልተጣበቀ መሆኑን ያውቃል።  መምህሩና ሁለቱ ሾፌሮች ተቆጥተው ሲወጡ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ማናት?»

ለዓመታት ለማንም ያልነገርኩትን ለአንድ የጫት ነጋዴ ልጅ ነገርኩት። እስኪያልቅ ሰማኝ። ከዚያ፣ «ከእነሱ ጋር መነጋገር የሚቻልበት አንድ መንገድ አለ» አለኝ። «አዲስ ሰው ሆነው ከእነሱ ወገን መወለድ ነው።»

«እዚያ ማዶ?»

«እዚያ ማዶ። ቢስሚላህ ይበሉ።»

ተወለድኩ። ቀንድ ያለኝ፣ ቆዳዬ እንደ አመድ የሆነ ፍጥረት ሆንኩ፤ የእድራችን ሴቶች ቢያዩኝ «ድሮም ነግረናችሁ ነበር» ይሉ ነበር። ሦስት ቀን ፈልጌ አንድ ወንዝ ዳር አሰቦትን አገኘኋት። ቆማ ነበር። በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ጻፍኩላት።

«አንቺ ማነሽ?»

 መልሷ መጣ፣ «አማርኛ! ወይ ጉድ! ትዕግሥት እባላለሁ። አዳማ ነው ያለሁት፣ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። የማታ ተረኛ ስለሆንኩ ከሰዓት በኋላ እጫወታለሁ። እርስዎስ?»

«ይህን ስም ማን አወጣልሽ?»

«እናቴ ናት። ካራክተሯ፣ ይቺ ነጭ ለባሿ፣ የእሷ ነበረች። ታማ በተኛችበት ጊዜ እንዳይከፋት ብዬ እኔ ነኝ ያስጀመርኳት። ጤና ረዳት ነበረች፣ አማረች ትባላለች። ስታርፍ ልዘጋው አልሆነልኝም።»

 ሙት እንዳልሆነች ገባኝ፤ ልጇ ናት። ፈገግ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ኪቦርዱን ወደ ራሴ ሳብኩ። «ዝም ያለውን ማስቀደም እሷ ናት ያስተማረችሽ?» ብዬ ጻፍኩ። የመጨረሻ ማስረጃዬን ልይዝ ነው። «ማን አስተማረኝ ትልሽ ነበር? ራሴ አገኘሁት አለችሽ?»

«ኧረ በጭራሽ» ብላ ጻፈች። ቀጥላም ስሜን ጻፈችው። ሙሉ ስሜን፣ ከነአባቴ። «ይህን ሕግ ያወጣችው እሷ ናት ትለን ነበር። አሠልጣኝ ሆና በሄደችበት ሁሉ መጀመሪያ የእሷን ስም ጠርታ ነው የምትጀምረው። እኔም በዚያ ሕግ ነው የተረፍኩት። እናቴ እኔን ስትወልድ ደም እየፈሰሳት፣ ‹እኔን! እኔን አድኚኝ!› እያለች ስትጮህ፣ ሴትዮዋ እሷን ትታ ዝም ብዬ የተወለድኩትን እኔን አነሳችኝ አሉ። እናቴ ሁሌ እየሳቀች ነው የምታወራው። ‹ያን ቀን ተቀይሜያት ነበር› ትላለች።»

ያ ቀን ነው። ሕጉን ያገኘሁበት ቀን። አልነግራችሁም ያልኩት።

ልጅቷ ሰማያዊ ሆና ነበር የወጣችው። ከእናቷ ጩኸት የእሷ ዝምታ ይበልጥ ጆሮዬን ወጋው። አፏን ጠርጌ፣ ጀርባዋን አሽቼ፣ ስትጮህ ብቻ ወደ አማረች ዞርኩ። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ አማረች ቁና ቁና እየተነፈሰች ከአልጋው ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ።

እና አሥራ አራት ዓመት! ደብዳቤውን ያልከፈትኩት፣ ሰውየውን በምሳ የሸኘሁት፣ ቦኬ ሄጄ ሽንኩርት የገዛሁት፣ አንድ ሾፌር እግሩን ከመኪና ሳያወርድ ለወረወረልኝ ወሬ ነው። ንጉሤ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ደህና ነው፣ ይወፍራል። የእሱን ለቅሶ እደርሳለሁ። ፊተኛው ወንበር ላይ።

ለአማረችም ምሕረት አላደረግሁላትም፤ እንዳይመስላችሁ። ሴትዮዋ ሞታ እንኳ ቂሜን ከእጄ ነጠቀችኝ። ሽማግሌ ሴት ያለ ቂም ከሰዓት በኋላውን በምን ትገፋዋለች?

ለትዕግሥት ማን እንደሆንኩ ጻፍኩላት።  «እማማ» ብላ ብቻ መለሰችልኝ። እኔም አንድ ነገር ጠየቅኋት።

«ውጊያ ሲያልቅ መሬት ላይ የምትቀመጪውስ፣ ያንንም ከእናትሽ ነው የወሰድሽው?»

«መቀመጥ?» ብላ ጻፈች። «እንዴት? እዚህ ጌም ላይ መቀመጥ ይቻላል እንዴ? እኔ ተቀምጬ አላውቅም።»

«ያ ቅዳሜ፣ ግንቡ ውስጥ ፊት ለፊቴ...»

«ቅዳሜ ኔትወርክ ቆርጦብኝ ነበር። ስመለስ ውጊያው አልቋል።»

ጀማል ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። በሩ ላይ ፍየሏ ቆማለች። ከተማው በሙሉ ዝም ብሏል።

እንግዲህ የእድራችን ሴቶች፣ ይህን ያነበባችሁ ካላችሁ ስሙኝ። የአማረችን ለቅሶ ደርሻለሁ። ሦስት ዓመት ዘግይቼ፣ በፈረሰ ግንብ ውስጥ፣ መሬት ላይ እግሬን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ። የለቅሶው ባለቤት፣ አማረች ራሷ ነበረች የተቀበለችኝ። ምስክር የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ጀማል አለላችሁ፤ ያን ቀን አጠገቤ ነበር። ብቻ እሱን አትጠይቁት። በእሱ ስክሪን ላይ ግንቡ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ ይላል።